በቀልድ መሐል የተገኘ የክርን ሕመም

ከሠላሳ ዓመት በላይ በነርስነት ሳገለግል ብዙ ዓይነት ታማሚ አይቻለሁ። እያመመው የሚስቅ፣ ሳያመው የሚያለቅስ፣ ተራ ለመቅደም የሚያቃስት። በገዛ ገንዘቡ ትኬት ቆርጦ፣ ሦስት ሰዓት ፀሐይ ላይ ተቀምጦ፣ ቡድኑ ሲሸነፍ እያየ በራሱ ላይ የሚቀልድ ሕዝብ ግን ያየሁት ባለፈው ክረምት ልጄን ለመጠየቅ አሜሪካ በሄድኩ ጊዜ ነው።

ልጄ የምትኖረው ከዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የአሥር ዓመት ወንድ ልጅ አላት። እኔ ሽሮና በርበሬ ተሸክሜ፣ ከልጅ ልጄ ጋር የማወራውን ሁሉ በልቤ አሰናድቼ ሄድኩ። እሱ ግን ለእኔ የነበሩት ቃላት ሦስት ብቻ ናቸው፦ “ሰላም”፣ “እሺ” እና “አልራበኝም”። ሁለት ሳምንት በዚህ አለፈ። በሦስተኛው ሳምንት አባቱ ቤዝቦል ሊያሳየው ሲሄድ፣ “እማማም ትምጣ” አለ። ይህን ጊዜ ነው አፉ የተፈታው።

ጨዋታውን ለማታውቁት በአጭሩ ላስረዳ። ወርዋሪው ኳሷን ይወረውራል፤ መቺው በዱላ ለመምታት ይሞክራል፤ ከመታ ወደ መጀመሪያው ማረፊያ ይሮጣል። አራቱን ማረፊያዎች ዞሮ የተመለሰ ነጥብ ያስቆጥራል። ጨዋታው ዘጠኝ ዙር ነው። አንድ ቡድን በመደበኛው የውድድር ዘመን 162 ጊዜ ይጫወታል። ከሁሉ የገረመኝ ደግሞ ከአሥር ሙከራ ሦስቱን በሚገባ የመታ ሰው ጎበዝ መባሉ ነው። ሰባቱን የሳተ ሰው በእኛ ትምህርት ቤት ወላጅ አምጣ ይባል ነበር!

“እማማ፣ ለዚህ ነው የምንቀልደው። ብዙ ጊዜ ስለምንሸነፍ ነው” አለኝ የልጅ ልጄ። እውነቱን ነው። ከኋላችን የተቀመጡ ሽማግሌ ዳኛውን ዓይኑን እንዲታከም ሲመክሩ፣ የራሳቸውን ቡድን መቺ ደግሞ ዱላውን ለሚያስፈልገው ሰው እንዲሰጥ ሲለምኑ ዋሉ። ማንም አልተቆጣም። እኔም ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን ወንዶቹ ገና ሲጫወቱ ትዝ አለኝ። ጥንጓን በዱላ እየመቱ ባለጸጋውንም ሹሙንም ሲሰድቡ፣ “በገና ጨዋታ፣ አይቆጡም ጌታ” ይባል ነበር። ዱላና ኳስ ባለበት፣ ለካ አሜሪካም ጌታ አይቆጣም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማታው አንድ የቤዝቦል ወሬ ያመጣልኝ ጀመር። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የእሱ ቡድን ዋሽንግተን ናሽናልስ ይባላል፤ ከካናዳ ሞንትሪያል ወደ ዋሽንግተን የመጣው በ2005 ነው። በ2009 ሁለት ተጫዋቾች ማሊያቸው ላይ የቡድኑ ስም አንድ ፊደል ጎድሎት፣ “ናቲናልስ” ተብሎ ተጽፎ ሜዳ ገቡ። በዚያ ዓመት ቡድኑ 103 ጊዜ ተሸንፏል። “ፊደሏም መሸነፍ ሰልችቷት ጥላቸው ሄደች” አለኝ። እኔም የጡረታ ደብተሬ ላይ ስሜ አንድ ፊደል ጎድሎት ለማሳረም ስምንት ወር መመላለሴን ነገርኩት። ሆዱን ይዞ ሳቀ። የመጀመሪያው የጋራ ቀልዳችን ይህ ሆነ።

በሜዳቸው ደግሞ በአራተኛው ዙር መሐል ትልልቅ ጭንቅላት ያጠለቁ አራት ሰዎች የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶችን መስለው ይሮጣሉ፦ ዋሽንግተን፣ ጄፈርሰን፣ ሊንከን እና ቴዎዶር ሩዝቬልት። ሩዝቬልት ከ2006 ጀምሮ ለዓመታት አንድም ቀን አላሸነፈም፤ ከአምስት መቶ ጊዜ በላይ ተሸንፏል። አንዴ ይወድቃል፣ አንዴ መንገድ ይስታል። ደጋፊው “ቴዲ ያሸንፍ!” እያለ ሲጮህ ኖሮ በጥቅምት 2012 አሸነፈ። የልጅ ልጄ ያኔ አልተወለደም፤ ግን እዚያ እንደነበረ ሰው አድርጎ ነው የሚተርከው።

ቀልዱ ታላላቆቹንም አይምርም። ብራይስ ሃርፐር የሚባለው ኮከባቸው በ2019 በ13 ዓመት 330 ሚሊዮን ዶላር ወደ ፊላደልፊያ ሄደ። በአዲሱ ቡድኑ የመጀመሪያ መግለጫ ላይ አፉን አዳልጦት ዋንጫውን ወደ ዋሽንግተን ማምጣት እንደሚፈልግ ተናገረ። ታዲያ በዚያው ዓመት እሱ ጥሎት የሄደው ዋሽንግተን ዋንጫውን በላ! ደጋፊዎቹ እስከ ዛሬ “ሃርፐር ቃሉን ጠበቀ” ይላሉ።

ሁዋን ሶቶ ደግሞ በ2022 ከዋሽንግተን የቀረበለትን የ15 ዓመት 440 ሚሊዮን ዶላር አልቀበልም አለ። ቡድኑም ወደ ሳን ዲዬጎ ላከው። እንዲህ ያለ ገንዘብ እምቢ የሚል ሰው ጤንነቱ እንዲመረመር ሐሳብ ሳቀርብ የልጅ ልጄ ሳቀብኝ፤ ለካ በ2024 መጨረሻ ኒውዮርክ ሜትስ በ765 ሚሊዮን ዶላር አስፈርሞታል። እኔ ለእንዲህ ያለ ሒሳብ የተማርኩ አይደለሁም።

ይሁንና የእኔ ሰው ቦቢ ቦኒያ ነው። በ1999 ለሜትስ መጫወት ካቆመ በኋላ ቡድኑ የቀረውን 5.9 ሚሊዮን ዶላር ወዲያው ከሚከፍለው ከነወለዱ ቆይቶ ሊሰጠው ተስማማ። ከ2011 እስከ 2035 በየዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ወደ 1.19 ሚሊዮን ዶላር ይገባለታል። ደጋፊዎች ቀኑን “የቦኒያ ቀን” ብለው እንደ በዓል ያከብሩታል። እኛ ጡረተኞች ስማችንን የሰጠነው በዓል የለንም፤ ያለን የወር መጨረሻ ብቻ ነው።

የ2019ኙ ዋንጫ ግን ቀልድ ብቻ አይደለም። ቡድኑ ከመጀመሪያዎቹ 50 ጨዋታዎች 31ዱን ተሸንፎ ነበር። በዚያ መሐል ሄራርዶ ፓራ የተባለ ተጫዋች ሁለት ዓመት የሆናት ልጁ የምትወደውን “ቤቢ ሻርክ” የሕፃናት መዝሙር ለራሱ መግቢያ ሙዚቃ አደረገ። ስታዲየሙ ሙሉ ሰው፣ ሽማግሌውም ጎረምሳውም፣ እጁን እንደ ዓሣ መንጋጋ ከፍቶ ይዘጋ ጀመር። ያ ሲያላግጡበት የነበረ ቡድን በመጨረሻ ሂውስተንን በሰባተኛው ጨዋታ 6 ለ 2 አሸነፈ። ዋሽንግተን ከተማ እንዲህ ያለ ዋንጫ ካየች ከ1924 ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው።

የዚያ ፍጻሜ ኮከብ ተጫዋች ወርዋሪው ስቲቨን ስትራስበርግ ነበር። እዚህ ላይ ነው ወሬው ከጨዋታ ወደ እኔ ሙያ የዞረው። ስትራስበርግ በ2010 እንደ ተአምር መጣ፤ በዚያው ዓመት ክርኑ ላይ ጅማት ተበጠሰና ኦፕራሲዮን ሆነ። ይህ ሕክምና “የቶሚ ጆን ኦፕራሲዮን” ይባላል። በ1974 ዶክተር ፍራንክ ጆብ የወርዋሪው የቶሚ ጆንን የግራ ክርን ከቀኝ ክንዱ በወሰዱት ጅማት ጠገኑት፤ ሰውየው ተመልሶ እስከ 1989 ተጫወተ። ስትራስበርግም ተመልሶ ዋንጫ በላ፤ 245 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ፤ ከዚያ በኋላ ግን በጉዳት ምክንያት መወርወር የቻለው ስምንት ጨዋታ ብቻ ነው። ደጋፊዎቹ ለአንድ ጨዋታ ስንት ሚሊዮን እንደደረሰ እያካፈሉ ይቀልዳሉ።

የልጅ ልጄ ይህን ነግሮኝ ሳቀና፣ “የእኔ ክርን ግን በነፃ ነው የሚያመኝ” አለ።

እኔም ሳቅሁ። ወዲያው ሳቄን ዋጥኩ። ሳህኑን በግራ እጁ ነበር የያዘው። ሳስበው ሳምንቱን ሁሉ እንደዚያው ነበር። “ከመቼ ጀምሮ?” አልኩት በእርጋታ። “ሦስት ሳምንት። ለእማዬ እንዳትነግሪ፤ አትወረውርም ይሉኛል።” የክርኑን የውስጥ ጎን በጣቴ ጫን ሳደርገው ፊቱ ተኮማተረ። ለካስ ለሁለት ቡድን ይወረውራል፤ አንዱ ቡድን የሌላውን አያውቅም፤ ወላጆቹም ልጁ ሜዳ ላይ በመዋሉ ደስ ብሏቸው ስንት እንደወረወረ አልቆጠሩም።

ለልጄ ነገርኳት፤ እሱም ሁለት ቀን አኮረፈኝ። ሐኪሙ ራጅ አስነሥቶ፣ አጥንቱ የሚያድግበት ለስላሳ ክፍል መቆጣቱን፣ ገና አለመሰንጠቁን ነገረን። ስድስት ሳምንት መወርወር ተከለከለ። የትልቅ ሰው ክርን ሲጎተት ጅማቱ ይጎዳል፤ በልጅ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚጎዳው ይህ ገና ያልጠነከረው የአጥንት ክፍል ነው። ለዚህ ነው የልጅ ክርን “ይለምድለታል” የማይባለው።

በአሜሪካና በካናዳ ልጅ ያላችሁ፣ ይህን ያዙልኝ። የሜጀር ሊጉና የአገሪቱ የቤዝቦል አካል በ2014 ባወጡት መመሪያ፣ ከ9 እስከ 10 ዓመት ያለ ልጅ በጨዋታ ቀን ከ75 ውርወራ ማለፍ የለበትም፤ 66 ከደረሰ አራት ቀን ማረፍ አለበት፤ በዓመት ውስጥም ቢያንስ አራት ወር ከመወርወር ይታቀብ። ጨዋታቸው በአንድ ወቅት ለሚሆን ሁለት ቡድኖች መወርወርም አይመከርም። አያት ሌላ ነገር ባይገባትም መቁጠር አያቅታትም። እኔ አሁን በአበባ ፍሬ ፈንታ በሱፍ እቆጥራለሁ፤ ተጫዋቾቹ ሜዳ ላይ የሚቀረጥፉት እሱን ነውና።

እዚህ አገር ላላችሁም ነገሩ ሩቅ አይደለም። ኳስ ሜዳ የሚውል ልጅ ጉልበቱን ወይም ተረከዙን ሲያመው “ያስወጡኛል” ብሎ ይደብቃል። ስትጠይቁት “ደህና ነኝ” ይላል። ስለሚወደው ተጫዋች፣ ስለሚያስቀው ቡድን ስትጠይቁት ግን ይለፈልፋል፤ ሕመሙም በወሬው መሐል ብቅ ይላል። እኔ ለሁለት ሳምንት “ምን ሆነሃል?” ብዬ ያላገኘሁትን ቦቢ ቦኒያና ስትራስበርግ አገኙልኝ።

የመመለሻዬ ዋዜማ ማታ ኩርፊያው ለቆት አጠገቤ ተቀመጠ። ናሽናልስ በዚያ ምሽት ተሸንፈዋል። “እማማ፣ አሁን አንቺም የእኛ ደጋፊ ነሽ” አለኝ። ለምን ቢባል፣ “ሲሸነፉ እየሳቅሽ ነዋ።” አዲስ አበባ ከገባሁ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ይደውላል። መጀመሪያ ውጤቱን ይነግረኛል፤ ከዚያ ሳልጠይቀው ክርኑን አጥፎ ዘርግቶ በስልኩ ያሳየኛል።