«ኖርማል ነው» የተባለው ወረቀት

በሰፈራችን ነርስ መሆኔን የሚያውቅ ሁሉ የላቦራቶሪ ወረቀት ይዞ በሬን ያንኳኳል። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንዲያውም ብሶበታል። የአብዛኞቹ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ከቁጥሩ ጎን ‹ኤች› ወይም ‹ኤል› አለ?» «ኤች» ከፍ ብሏል፣ «ኤል» ዝቅ ብሏል ማለት እንደሆነ ዛሬ ዛሬ ልጆች እንኳ ያውቃሉ። ፊደሉ ከሌለ «ተመስገን፣ ኖርማል ነው» ይባልና ወረቀቱ እዚያው ክሊኒኩ በር ላይ ይጣላል። ዛሬ የማወጋችሁ ስለዚያ ስለሚጣለው ወረቀት ነው፤ በተለይ የአያት ወረቀት ሲሆን።

ሐኪሙ «ኬሚስትሪ» ብሎ የሚያዝዘው ምርመራ የደም ሴል አይቆጥርም። በደሙ ፈሳሽ ውስጥ የሟሟውን ነው የሚለካው፤ ስኳሩን፣ ጨዉን፣ ካልሲየሙን፣ ኩላሊት አጣርቶ ማስወጣት ያለበትን ቆሻሻ፣ ጉበት ሲጎዳ ወደ ደም የሚወጡትን ኢንዛይሞች። ጥርስ ሲያመን ሌሊቱን ሙሉ ያስለቅሰናል። ኩላሊት ግን እንደዚያ አይደለም፤ ግማሽ አቅሙን አጥቶም ሰውየው ገበያ ወጥቶ፣ ለቅሶ ደርሶ፣ እራቱን በልቶ ይተኛል። ምንም ስለማያመው ሐኪሙ የሚጠይቀው ደሙን ነው።

ከቁጥሮቹ ሁሉ በአዛውንት ወረቀት ላይ መጀመሪያ የምፈልገው «ክሪያቲኒን» የሚለውን ነው። ክሪያቲኒን ጡንቻ በየዕለቱ ሥራውን ሲሠራ የሚያወጣው ቆሻሻ ነው። ኩላሊት ያጣራውና በሽንት ይወጣል፤ ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ ይጠራቀማል። በአብዛኛው ወረቀት ላይ ጤናማ ተብሎ የሚጻፈው ከ0.6 እስከ 1.2 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር አካባቢ ነው። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ቆሻሻው የሚመጣው ከጡንቻ ስለሆነ፣ ጡንቻው የዳበረ ሰው ብዙ ያወጣል፤ በእርጅና ሰውነቱ የሳሳ ሰው ጥቂት። ሲሚንቶ የሚሸከም የ30 ዓመት ጎልማሳ 1.1 ቢወጣለት ኩላሊቱ ደህና ነው። ያው 1.1 የ74 ዓመት ሴት አያቱ ላይ ሲገኝ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ዕድሜንና ጾታን ጨምሮ የኩላሊትን የማጣራት አቅም የሚገምት ስሌት አለ፤ አንዳንድ ላቦራቶሪዎች «ጂኤፍአር» ብለው ይጽፉታል። በ2021 በወጣው ቀመር ሲሰላ የጎልማሳው ወደ 93 ይመጣል፣ የአያቱ 53 ገደማ። ይህ ቁጥር ከ60 በታች ሆኖ ሦስት ወር ከቆየ ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም ይባላል። በሁለቱም ወረቀት ላይ ግን «ኤች» የሚል ፊደል የለም።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። አንዲት ጎረቤት አሉኝ፤ ስማቸውን ትቼ እትዬ ልበላቸው። ከሲታ ናቸው፣ ዕድሜያቸውም ያው 74። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ከመድኃኒት ቤት ዳይክሎፌናክ እየገዙ ጠዋትና ማታ መዋጥ ከጀመሩ ወራት አልፏቸዋል። ለደም ግፊት ደግሞ ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የምትባለዋን ሽንት የምታበዛ ኪኒን ይወስዳሉ። ለስኳር ምርመራ ሄደው ሲመለሱ ክሪያቲኒናቸው 1.1 ነበር፤ «ሁሉም ኖርማል ነው» ተብለዋል። እትዬ ግን ወረቀት የሚጥሉ ሰው አይደሉም። የዕድር ደረሰኝ ከሚያስቀምጡባት ቦርሳ የአምናውን አወጡ፤ 0.7 ይላል።

ከ0.7 ወደ 1.1! ለዓይን ትንሽ ናት፤ በዚያ ቀመር ሲታይ ግን ከ90 ወደ 53 መውረድ ነው። ልጃቸውን ጠርቼ ሁለቱን ወረቀቶችና ቤት ያለውን ኪኒን በሙሉ፣ ባዶውን ካርቶን ሳይቀር፣ ይዛ ወደ ሐኪም እንድትወስዳቸው ነገርኳት። ሐኪሙ ዳይክሎፌናኩን አስቆመና ለጉልበታቸው ፓራሲታሞልና የእንቅስቃሴ ሕክምና አዘዘላቸው። ከወር በኋላ ሲለኩ 0.8 ሆነ። ወደ አምናው ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም፤ አሁን በየሦስት ወሩ ይታያሉ። ጉልበታቸው ማመሙን አልተወም፣ እሳቸውም ማጉረምረማቸውን አልተዉም።

የሆነውን በቀላሉ ላስረዳ። እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎች ወደ ኩላሊት ማጣሪያ ደም የሚያስገባውን ቧንቧ ያጠባሉ። ኢናላፕሪል ደግሞ ደሙ የሚወጣበትን ያሰፋል። ሽንት የምታበዛዋ ኪኒን የሰውነትን ውኃ ትቀንሳለች። መግቢያው ጠቦ፣ መውጫው ሰፍቶ፣ ፈሳሹም ከቀነሰ ማጣሪያው የሚሠራበት ግፊት ያጣል። በዚህ ላይ ተቅማጥና ትውከት ከተጨመረ በጥቂት ቀን ውስጥ ኩላሊት ሊቆም ይችላል። እባካችሁ ይህን አንብባችሁ የግፊት ኪኒን እንዳታቋርጡ፤ እነሱ ሕይወት የሚያተርፉ መድኃኒቶች ናቸው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚገባው ብዙውን ጊዜ ማስታገሻው ነው፣ መጠየቅ ያለበትም እሱ ነው። ልጆች ከአረብ አገር ለእናታቸው ጉልበት ብለው የሚልኩትም ኪኒን ስሙ ይለይ እንጂ ብዙ ጊዜ የዚሁ ቤተሰብ ነው።

የዳይክሎፌናክ ታሪክ ሰው ላይ ብቻ አላበቃም። በ1990ዎቹ በሕንድና በጎረቤቶቿ ጥንብ አንሳዎች በጅምላ መሞት ጀመሩ። አንዳንዶቹ ዝርያዎች ከመቶ ከ95 በላይ አለቁ። ሬሳቸው ሲከፈት የውስጥ አካላቸው ኖራ የተቀባ ይመስል ነጭ ሆኖ ተገኘ፤ የዩሪክ አሲድ ክምችት ነበር። ወፍ እንደኛ የሰውነቱን ቆሻሻ በዩሪያ መልክ ሳይሆን በአብዛኛው በዩሪክ አሲድ መልክ ነው የሚያስወጣው፤ ኩላሊቱ ሲቆም ደሙ በዩሪክ አሲድ ይሞላል። ተመራማሪዎች ፓኪስታን ውስጥ ሠርተው በ2004 ምክንያቱን ይፋ አደረጉ፦ ለከብቶች ሕመም ማስታገሻ የተሰጠው ዳይክሎፌናክ በሬሳው ውስጥ ቀርቶ ነበር። በ2006 ሕንድ፣ ፓኪስታንና ኔፓል መድኃኒቱን ለእንስሳት ሕክምና ከለከሉ። ጥንብ አንሳው ሲጠፋ በረት ዙሪያ የሚቀረውን ሬሳ የሚበላው የባዘነ ውሻ ሆነ። እኛም ቄራ ዙሪያ ጥንብ አንሳ የሚያንዣብብበት አገር ሰዎች ነንና ልብ ማለት አይከፋም።

እንስሳትን ካነሳሁ አይቀር፣ «ኖርማል» የሚባለው ነገር የማን እንደሆነ ከእነሱ በላይ የሚያሳይ የለም። ጤነኛ ዶሮ የደም ስኳሯ ከ200 በላይ ነው። ያ ቁጥር ጠዋት በባዶ ሆድ የእኔ ቢሆን ወዲያው መድኃኒት በተጀመረልኝ ነበር። ጤነኛ ላም ደግሞ ከ45 እስከ 75 ናት፤ ያ ሰው ላይ ቢገኝ ብዙ ጊዜ ማንቀጥቀጥና ማላብ ነው። ላም ሣሩን ሆዷ ውስጥ አብላልታ ጉልበት የምታገኘው በአብዛኛው ከስኳር ሳይሆን ከቅባት አሲድ ስለሆነ ዝቅ ማለቱ አይጎዳትም።

በግቢያችሁ የፈረንጅ ላም የምታረቡ ደግሞ ይህን ሳታዩ አትቀሩም። ብዙ ወተት የምትሰጥ ላም በወለደች በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ድንገት ትተኛለች፣ አንገቷን ወደ ጎኗ ታጥፋለች፣ ጆሮዋ ይቀዘቅዛል። ፈረንጆቹ «ሚልክ ፊቨር» ይሉታል፤ ስሙ ያሳስታል እንጂ ትኩሳት የለውም፣ እንዲያውም ሰውነቷ ይቀዘቅዛል። ወተቱ ካልሲየሟን ስለሚስበው ከ8.5 በላይ መሆን የሚገባው ከ5.5 በታች ይወርዳል። የእንስሳት ሐኪም ካልሲየሙን በደም ሥር ቀስ አድርጎ ሲሰጣት ልትሞት ነው የተባለችው ላም ብዙ ጊዜ ሰዓታት ሳይሞሉ ተነስታ ትቆማለች። በፍጥነት ከተሰጠ ግን ልቧን ያቆማል፤ ስለዚህ የጎረቤት ሥራ አይደለም።

ወደ ሰው ልመለስ። ወረቀቱ ላይ ያለው የ«ኖርማል» ወሰን የሚወጣው ከብዙ ጤነኛ ሰዎች ደም ነው። በተለምዶ መካከል ላይ ያሉት 95 በመቶ ይያዙና ዳርና ዳር ያሉት ይተዋሉ። ስለዚህ ጤነኛ ሆኖ ከወሰኑ የሚወጣ ሰው ከ20 አንድ ይገኛል ማለት ነው። 20 ዓይነት ምርመራ በአንድ ጊዜ የሚያዝዝ «ሙሉ ቼክአፕ» ካደረጋችሁ፣ ምንም ሳይኖርባችሁ ቢያንስ አንድ «ኤች» ወይም «ኤል» የማግኘት ዕድላችሁ ከግማሽ በላይ ነው። በእንዲህ ያለች አንዲት ፊደል እንቅልፍ ያጡ ሰዎችን አጽናንቻለሁ። ከፊደሉ ይልቅ የራሳችሁን የአምናና የዘንድሮ ቁጥር አስተያዩ።

ቁጥሩ እውነተኛ እንዲሆን ደግሞ አሰጣጡ ይወስናል። በሥራ ዘመኔ ከሁሉ ያሳቀኝ የጾም ነገር ነው። «ጾመው ይምጡ» የተባሉ አባት «እኔማ ከሰኞ ጀምሮ ጾመኛ ነኝ» ብለው ክንዳቸውን ይዘረጋሉ፤ ሲጠየቁ ጠዋት ሽሮ በልተዋል! የላቦራቶሪ ጾም ሽሮም ሻይም የለውም፤ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ከውኃ በቀር ምንም አለመቅመስ ነው። እንዲህ ተለክቶ ስኳር 126 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ምልክት የሌለው ሰው በሌላ ቀን ተደግሞ ነው የሚረጋገጠው። ለክሪያቲኒን ደግሞ ማታውን ቅቅል ጠግቦ መብላት ቁጥሩን ለጊዜው ከፍ ያደርገዋል። «ኤስጂኦቲ» የሚባለው የጉበት ኢንዛይም ጡንቻ ውስጥም ስላለ፣ ቀኑን ሙሉ እንጨት የፈለጠ ሰው ጉበቱ ሳይነካ ከፍ ሊልበት ይችላል። ድመት እንኳ ፈርታ ስትያዝ ስኳሯ የስኳር ሕመምተኛ እስክትመስል ይወጣል፤ ሰውም ኢንፌክሽን ይዞት ሲያተኩሰው እንዲሁ ከፍ ይልበታል።

ከተቀዳ በኋላም ጣጣ አለ። ደሙ ሴሉ ሳይለይ በቱቦ ውስጥ ከዘገየ ሴሎቹ ስኳሩን መብላት አያቆሙም፤ በየሰዓቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ ይቀንሳል። ከሩቅ ጤና ጣቢያ ተልኮ ከሰዓት በኋላ የደረሰ ደም ስኳርን ከእውነቱ አሳንሶ ያሳያል ማለት ነው። በጉልበት ተስቦ ሴሉ የፈረሰ ደም ደግሞ ፖታሲየምን አጉልቶ ያሳያል። ሐኪሙ «እንደገና ይቀዳ» ሲል ብር ለማስወጣት ነው ብላችሁ አትቆጡ።

ወረቀቶቹን በላስቲክ አድርጋችሁ በአንድ ቦታ አስቀምጡ። ከጀርባው ቀኑን፣ የሰውየውን ክብደትና በዚያ ሰሞን ይወስድ የነበረውን መድኃኒት፣ የባሕሉንም ጭምር፣ ጻፉበት። ሲቻል እዚያው ላቦራቶሪ አስለኩ፤ መሣሪያና አለካኩ ሲለያይ ቁጥሩም ትንሽ ይለያያል። አውሮፓ ወይም ካናዳ ልጆቻቸው ዘንድ ቆይተው የሚመለሱ እናቶችና አባቶች ደግሞ ክሪያቲኒን 97 የሚል ወረቀት ይዘው ደንግጠው ይመጣሉ። እዚያ የሚለካው በማይክሮ ሞል በሊትር ስለሆነ ነው፤ ለ88.4 ሲካፈል 1.1 ይሆናል። የስኳሩን ቁጥር ደግሞ በ18 ያባዙት፤ የእነሱ 7 የእኛ 126 ነው።