ከወህኒ ቤት ጉድጓድ የሚወጣው ጋዝና የማገዶ አቅራቢው ሒሳብ

ለወህኒ ቤት ማገዶ የሚያቀርብ ነጋዴ ደንበኛው አይሸሽበትም ይባላል። ዋጋ ቢወጣም ቢወርድም እሥረኛ መብላቱ አይቀርም፤ ወጥ ቤቱም በየቀኑ እሳት ይፈልጋል። ጨረታውን ያሸነፈ ሰው ዓመቱን ሙሉ እንጨት እያራገፈ ሒሳቡን ይቀበላል። በዚያው ግቢ በሌላኛው ጫፍ ደግሞ ሌላ ወጪ አለ። የመጸዳጃ ቤቱ ጉድጓድ ይሞላል፣ መምጠጫ መኪና ይጠራል፣ መኪናው ሲዘገይም ፍሳሹ በአጥር ሥር ሾልኮ ወደ ሠፈር ይወርዳል። እነዚህን ሁለት ወጪዎች አገናኝቶ አንዱን በሌላው ለመቀነስ ከተደረጉት ሙከራዎች በአፍሪካ በሰፊው የታወቀው የሩዋንዳው ነው። ነገሩ የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ ሆኖ የማይቀረውም ለዚህ ነው። እንጨት አቅራቢውን፣ የግንባታ ተቋራጩንና ገንዘቡን የት እንደሚያውል የሚያስብ ሰውን ሁሉ ይነካል።

እ.ኤ.አ. በ1994 ከተፈጸመው የዘር ጭፍጨፋ በኋላ በሩዋንዳ የእሥረኛው ቁጥር ከ100 ሺህ በላይ ደርሶ ነበር። ወህኒ ቤቶቹ የተሠሩት ግን ለዚያን ያህል ሰው አልነበረም። በአንድ ግቢ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ታጉረው ቦሎቄና በቆሎ በትልልቅ ድስት ይቀቀልላቸዋል። ቦሎቄ በባሕርዩ እሳት የሚበላ እህል መሆኑን ባለ ሆቴሎች ያውቁታል። ጫካዋ በተመናመነችና በየኮረብታው ሰው በሠፈረባት ትንሽ አገር ይህን ያህል እንጨት በየቀኑ ማንደድ ለበጀቱም ለመሬቱም የሚቻል አልነበረም።

የኪጋሊ የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂና የማኔጅመንት ተቋም (እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ በሩዋንዳ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተጠቃሏል) የመጀመሪያውን የወህኒ ቤት ባዮጋዝ በኪቩ ሐይቅ ደቡብ ጫፍ በሲያንጉጉ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2001 ሥራ አስጀመረ። ሥራው ወደ ሌሎች ወህኒ ቤቶች ከተስፋፋ በኋላ በ2005 አሽደን የተባለውን የብሪታንያ ሽልማት አገኘ። በወቅቱ የተነገረው ዋና ውጤት በየወህኒ ቤቱ የማገዶ ፍጆታ በግማሽ ያህል መቀነሱ ነው። የገበያ ሰው “በግማሽ” የምትለዋን ቃል ልብ ይበል። እንጨት ጨርሶ ቀረ አልተባለም።

አሠራሩ ያን ያህል የረቀቀ አይደለም። ከመሬት በታች የንብ ቀፎ ቅርጽ ያለው ክብ ጉድጓድ በጡብ ይገነባል። እያንዳንዱ 50 ወይም 100 ሜትር ኩብ የሚይዝ ሆኖ እንደ አስፈላጊነቱ ብዙዎቹ ተከታትለው ይያያዛሉ። የመጸዳጃ ቤቱ ፍሳሽ በተሸፈነ ቦይ ይገባል። በውስጡ አየር ስለሌለ ባክቴሪያዎች ቆሻሻውን ሲያብላሉ አብዛኛው ሜቴን የሆነ ጋዝ ይወጣና በጉልላቱ ሥር ይጠራቀማል፤ ከዚያም በቧንቧ ወደ ወጥ ቤት ይሄዳል። የተብላላው ፈሳሽ በሌላው በኩል ወጥቶ ለማዳበሪያነት ይውላል። ባለሙያው ሁሉን ነገር የሚያገኘው ወይም የሚያጣው በግንበኛው እጅ ነው። ጡቡ ልኩን ካልጠበቀ፣ የጉልላቱ ልስንም ጋዝ የሚያሳልፍ ከሆነ የወጣው ገንዘብ በአየር ላይ በነነ ማለት ነው። በሩዋንዳ ግንባታው ለእሥረኞች ጭምር የሙያ ማሠልጠኛ ሆኖ ነበር።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ። የተቋሙ ስሌት እንደሚያሳየው 5 ሺህ እሥረኛ ያለበት ወህኒ ቤት በቀን ከ25 እስከ 50 ሜትር ኩብ የመጸዳጃ ፍሳሽ ያወጣል፤ 500 ሜትር ኩብ የሚይዝ ጉድጓድ ካለውም በቀን 250 ሜትር ኩብ ያህል ጋዝ ያገኛል። አንድ ሜትር ኩብ ባዮጋዝ በግምት 6 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ አንድ ኪሎ ደረቅ እንጨት ደግሞ በግምት 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ሙቀት አለው። የጋዝ ምድጃ ከሙቀቱ ግማሹን ለድስቱ ያደርሳል ብንል፣ በሦስት ጉልቻ ላይ የሚነድ እንጨት ግን 15 ከመቶ ያህሉን ብቻ ያደርሳል። ስናባዛው 250 ሜትር ኩብ ጋዝ በቀን 12 ኩንታል ተኩል እንጨት ይተካል። በዓመት ከ4 ሺህ 500 ኩንታል በላይ መሆኑ ነው። አቅራቢው የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው።

ነገር ግን ሒሳቡ ሌላ ገጽ አለው። ወጥ ቤቱ ሦስት ጉልቻውን ትቶ ዙሪያው በጡብ የተዘጋና ጭስ ማውጫ ያለው ቆጣቢ ምድጃ ቢሠራ፣ ከእንጨቱ ሙቀት 30 ከመቶው ድስቱ ጋ ሊደርስ ይችላል። ያን ጊዜ ያው ጋዝ የሚተካው 6 ኩንታል ከሩብ ብቻ ይሆናል። ምድጃው የሚጠይቀው ወጪ ደግሞ ከጉድጓዱ ጋር አይወዳደርም። ስለዚህ የባዮጋዝ ሻጭ ትርፉን ከሦስት ጉልቻ ጋር አነጻጽሮ ሲያቀርብ ገዢው ከቆጣቢ ምድጃ ጋር እንዲያነጻጽርለት ሊጠይቀው ይገባል። በዚህ ጸሐፊ አመለካከት መጀመሪያ ምድጃው፣ ቀጥሎ ጉድጓዱ መሠራት አለበት። የማገዶ ሒሳብ ብቻውን ጉድጓዱን ላይከፍለው ይችላል። የሚከፍለው የመምጠጫ መኪናው ኪራይ፣ የጎረቤት ክስና የበሽታው ወጪ አብረው ሲደመሩ ነው።

ጥሬ ዕቃው ሰው መሆኑም አስቸጋሪ ነገር ያመጣል። በሩዋንዳ በጥር 2003 ከተላለፈው ውሳኔ በኋላ ብቻ ከ20 ሺህ በላይ እሥረኞች ተለቀዋል፤ ከዚያም በኋላ ሌሎች ተከትለዋል። ሰው ሲለቀቅ ጋዙ ይቀንሳል፤ ደግነቱ የሚበስለው ምግብም አብሮ ይቀንሳል። የእሥረኛው ቁጥር ሲያሻቅብ ነው ችግሩ የሚብሰው። በቀን 25 ሜትር ኩብ ሲገባ ፍሳሹ በ500 ሜትር ኩብ ጉድጓድ ውስጥ 20 ቀን ይቆያል፤ 50 ሲገባ 10 ቀን ብቻ። በአጭር ቆይታ ሳይብላላ የሚወጣው ስለሚበዛ ከእያንዳንዱ ሜትር ኩብ ፍሳሽ የሚገኘው ጋዝ ያንሳል፤ የሚወጣው ፈሳሽም በሽታ አምጪ እንደሆነ ይቀራል። የወስፋት እንቁላል በተለይ በዚህ ዓይነቱ ሙቀት በቀላሉ አይሞትም። ፈሳሹን ለሰላጣና ለካሮት ማዳበሪያ እገዛለሁ የሚል ነጋዴ ካለ ይጠንቀቅ፤ ለማገዶ ዛፍ ቢሆን ይሻላል። ጋዙ እንዳይቀንስ እሥረኛው አይለቀቅ የሚል ሰው ይመጣል ብለን አንጠረጥርም፤ ነገር ግን በሰው ቁጥር ልክ የሚከፈል ውል ከመጻፍ መቆጠብ ብልህነት ነው።

ጥገናውን በተመለከተ ሦስት ነገር ይበቃል። ጋዙ ብረት የሚበላ የድኝ ጋዝ ስላለበት ቧንቧው ፕላስቲክ ቢሆን፣ የምድጃው አፍም በየጊዜው ቢቀየር ይመረጣል። በቧንቧው ውስጥ የሚጠራቀመው ውሃ ካልወጣ እሳቱ ይቆራረጣል። በተቅማጥ ወረርሽኝ ጊዜ መጸዳጃ ቤቱ ላይ ክሎሪን ያለ ልክ ከፈሰሰ ደግሞ ባክቴሪያዎቹ ያልቃሉ፤ ጉድጓዱም ወደ ቀድሞ ሥራው እስኪመለስ ጊዜ ይፈጃል። በእነዚህ ሳቢያ ሲቆም ወጥ ቤቱ በማግሥቱ እንጨት ፈላጊ ነው። ስለዚህም አቅራቢው ጨርሶ ከገበያ ይወጣል የሚለው ሥጋት የተጋነነ ነው። ሩዋንዳም ውስጥ ግማሹ እንጨት ቀርቶለታል።

የቀይ መስቀል ዓለም አቀፍ ኮሚቴ በኔፓልና በፊሊፒንስ እሥር ቤቶች ተመሳሳይ ሥራ ሠርቷል። ይህን ወደ እኛ አገር እናምጣ ለሚል ግን አንድ ነገር መንገር ያስፈልጋል፤ እንጀራ። ባዮጋዝ ወጥ፣ ሻይና ንፍሮ በደንብ ያበስላል። ምጣድ ግን ሰፊ ነው፤ እስከ 200 ዲግሪ የሚደርስ ሙቀት ዳር እስከ ዳር እኩል ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2009 በአገራችን ለገበሬ ቤተሰቦች በተጀመረው የባዮጋዝ ፕሮግራም ይኸው የምጣድ ጉዳይ አስቸጋሪ ሆኖ ታይቷል፤ ቤተሰቡ ወጡን በጋዝ ሠርቶ እንጀራውን በእንጨት ይጋግራል። በቦሎቄና በበቆሎ የተገኘውን “ግማሽ” እንጀራ በሚጋገርበት ወጥ ቤት እንዳለ መውሰድ ስህተት ነው።

ቀሪው የውል ጉዳይ ነው። በሩዋንዳ ጉድጓዶቹ የተሠሩት በመንግሥትና በረጂ ድርጅቶች ገንዘብ ነው። የግል ባለሀብት በራሱ ካፒታል ሠርቶ ከዳነው የማገዶ ገንዘብ ድርሻ ልውሰድ ቢል ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፤ ነገር ግን ቁጠባ ጥሬ ገንዘብ አይደለም። የወህኒ ቤቱ አስተዳዳሪ ማገዶ ቢቆጥብ የሚጠብቀው የሚቀጥለው ዓመት በጀቱ መቀነስ ከሆነ ለምን ይደክማል? የዳነው ገንዘብ ከየትኛው የበጀት መደብ ወጥቶ ለባለሀብቱ እንደሚከፈል በውሉ ካልተጻፈ፣ ገንዘቡ አለ እየተባለ ክፍያው የለም። በካርቦን ሽያጭ እናካክሰዋለን የሚሉም አሉ። ሜቴን በመቶ ዓመት ሲለካ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ የሚያሞቅ በመሆኑ አነጋገሩ መሠረት አለው፤ ይሁን እንጂ ለአንድ ግቢ ብቻ የማረጋገጫው ወጪ ገቢውን ሊውጠው ስለሚችል፣ ብዙ ወህኒ ቤቶች በአንድ ሰነድ ካልተጠቃለሉ ባይታሰብ ይሻላል።

ውል ለመፈራረም የሚያስብ ሰው ከሁሉ በፊት ሚዛን ይግዛ። ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት ቢያንስ ለሁለት ወር ወደ ወጥ ቤት የሚገባውን እንጨት በየቀኑ መዝኖ፣ እርጥበቱንና የተመጋቢውን ቁጥር መዝግቦ፣ ከአስተዳዳሪው ጋር ይፈራረምበት። ጋዙ ከመጣ በኋላ ስንት ኩንታል ዳነ የሚለው ክርክር ሲነሳ የሚታየው ይህ መዝገብ ነው።