ዝናቡ ሲመጣ ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው

የትምህርት ቤት ጓሮ አትክልት አዲስ ነገር አይደለም። በንጉሡም በደርግም ዘመን እርሻ ራሱን የቻለ የትምህርት ዓይነት ነበር። ያኔ የተማረ ሰው መደብ ማውጣትና ችግኝ ማዛወር ዛሬም አይጠፋውም። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ደግሞ እርከንና ችግኝ ተከላ የአገር ዘመቻ ሆነ፤ ተማሪውም አካፋ ይዞ ወጣ። የ1986ቱን የትምህርት ፖሊሲ ተከትሎ እርሻ በታችኛው ክፍል ለብቻው መሰጠቱ ቀረና አካባቢ ሳይንስ ውስጥ ገባ። ዝናብ ማጠራቀም በመጽሐፉ ቢነሳም ጓሮው ከመጽሐፉ ራቀ።

በ1990ዎቹ አጋማሽ የቤተሰብ ኩሬ መጣ። በአማራ፣ በትግራይና በሌሎችም ክልሎች በየገበሬው ማሳ ጉድጓድ ተቆፍሮ ፕላስቲክ ተነጠፈበት። ብዙ ቦታ ፕላስቲኩ ተቀደደ፣ ውሃው ሰረገ፣ ትንኝ ተራባ፣ ከብትም ልጅም ገባበት። ኩሬው ተተወ። ለሳይንስ መምህር ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ ከየት ይገኛል? ግን ያልተሳካ ዘመቻ ክፍል ውስጥ አይነሳም።

ከዚያ ወዲህ ዘመኑ የሮቶ ነው። ከመማሪያ ክፍሉ ጥግ ሮቶ፣ ከቆርቆሮው ጫፍ አሸንዳ። በምረቃው ቀን ደስ ይላል። በዓመቱ ግን አሸንዳው በባሕር ዛፍ ቅጠል ይሞላል፣ መጋጠሚያው ይከፈታል፣ ውሃውም በግድግዳው ይወርዳል። የክረምቱ የመጀመሪያ ዝናብ የበጋውን አቧራና የወፍ ኩስ አጥቦ ስለሚመጣ ወደ ሮቶው ሳይገባ መፍሰስ እንዳለበት ያስተማረ የተማሪዎች ክበብ ስንት ይሆን?

የጎደለው ዕቃ ሳይሆን ሒሳብ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ታገኛለች። 200 ካሬ ሜትር ጣሪያ፣ አምስተኛው ባክኖ እንኳ፣ 160,000 ሊትር ይሰጣል። ሮቶው ግን 10,000 ሊትር ነው፤ ሰኔ ሳያልቅ ሞልቶ የቀረው ወደ ቦይ ይሄዳል። 100 ካሬ ሜትር መደብ፣ ለካሬው በቀን 4 ሊትር ቢጠጣ፣ ያንን ሮቶ በ25 ቀን ይጨርሰዋል። 15 ካሬ ሜትር ቆስጣና ጎመንን ግን ያው ሮቶ ከጥቅምት መጀመሪያ እስከ መጋቢት አጋማሽ፣ የበልጉ ዝናብ እስኪደርስ፣ ያደርሳል። ይህን ሒሳብ ሰባተኛ ክፍል ይሠራዋል፤ እስካሁን የሚሰጠው ግን በአብዛኛው መፈክር ነው።

ሌላው ጣጣ የቀን መቁጠሪያው ነው። ዝናቡ በሐምሌና በነሐሴ ሲበረታ ተማሪው እረፍት ላይ ነው። አሸንዳውን የሚጠርገው፣ ከጠረገው፣ ዘበኛው ነው።

የተማሪዎች ምገባ መርሐ ግብር በየከተማው ከተስፋፋ፣ የመንግሥት የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብርም በ2015 ከተጀመረ ወዲህ ጓሮው እንደገና ተፈላጊ ሆኗል፤ ጎመኑ የሚገባበት ድስት አለ። በየግቢው አዲስ ሮቶ ከመትከል ይልቅ የሰፈር ልጆችን ለክረምቱ ተራ ማስያዝ፣ ዘበኛውንም ከክበቡ አባላት አንዱ ማድረግ ወጪው ያንሳል።