በመንዝ ጓሳ ያደረግነው የእግር ጉዞ

በመኪና የሚጓዝ ሰው አገሩን ያልፈዋል እንጂ አያየውም። የእግር መንገድ ግን አገርንም፣ የባልንጀራንም፣ የራስንም ጠባይ ያስተምራል። ይህን የተረዳነው ባለፈው ኅዳር፣ ሽማግሌም ወጣትም ሆነን ዐሥራ አራት ሰዎች የመንዝን ጓሳ በእግራችን ባቋረጥን ጊዜ ነው።

ጓሳ በሰሜን ሸዋ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ አቅራቢያ የሚገኝ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር የሚደርስ ብርዳም ሜዳ ነው። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው ለቤት ክዳንና ለገመድ ከሚሆነው ከጓሳ ሣር ነው።

ጧት ስንነሣ ውርጩ ሣሩን አንጥቶት ነበር። ፀሐይ ሞቅ ስትል ጭላዳዎች ከገደሉ አፋፍ ወጥተው ሣር ይነጩ ጀመር። ቀይ ቀበሮም በመካከላቸው አይጥ ሲያድን አየን፤ እነርሱም አልሸሹትም። ይህ አውሬ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም አይገኝም፤ ለአካለ መጠን የደረሱትም ከ500 አይበልጡም። በየስፍራው የቆመው ጅብራም ብዙ ዓመት ቆይቶ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ የሚሞት ተክል ነው።

በ6 ሰዓት ግን ከቆላው በኩል ጉም ተነሥቶ ሜዳውን ሸፈነው። እግረ ፈጣኖቹ ብርዱን ለማምለጥ ወደ ወንዙ ገሠገሡ፤ ሌሎቻችንም ተከተልናቸው። ውኃው ዳር ደርሰን ብንቈጠር ዐሥራ ሦስት ሆንን። በዕድሜ የገፉት እናታችን የሉም! እያንዳንዳችን ከሌላው ጋር ያሉ መስሎን ነበር። ብንጣራ መልስ አጣን፤ አንድ ሰዓት ያህልም በጭንቀት ፈለግናቸው።

በመጨረሻ ባና የለበሱ አንድ ሽማግሌ እረኛ እጃቸውን ይዘው ከጉሙ ውስጥ ብቅ አሉ። «ምነው ልጆቼ፣ እናታችሁን ለማን ጥላችሁ መጣችሁ?» ቢሉን አንገታችንን ደፋን። እማማ ግን፣ «የዘገየው የእኔ እግር ነው፤ ልጆቹን አይቈጧቸው» ብለው አማለዱን።

በሶ በጥብጠን ስንቀመጥ ሽማግሌው የጓሳን ሥርዓት አጫወቱን። የአስቦና የጌራ ልጆች የሆኑ ባለርስቶች ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሜዳውን ከ300 ዓመት በላይ ጠብቀውታል። አባ ቄራ የሚባል አለቃ መርጠው፣ ሣሩ እስኪጐለምስ ድረስ አንዳንድ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይዘጉት ነበር፤ ያለ ጊዜው ያጨደም ይቀጣ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ በወጣ ጊዜ የርስቱ ሥርዓት ቀረ፤ ሣሩም ተጐዳ። በኋላ ሕዝቡ ኮሚቴ አቋቁሞ ጥበቃውን መለሰው።

ይህን ሰምተን አፈርን። የአገሩ ሰው ለሣር ዓመታት ሲታገሥ፣ እኛ ለአንዲት እናት ጥቂት ደቂቃ መቆም አቃተን።

ጉሙ ከተገፈፈ በኋላ እማማን ከፊት አስቀድመን ወንዙን ተከትለን ወረድን። ከጓሳ ወደ ምዕራብ የሚፈሰው ውኃ በጀማ በኩል ወደ ዓባይ፣ ወደ ምሥራቅ የሚወርደው ደግሞ ወደ አዋሽ ይሄዳል። በእርሳቸው እርምጃ ስንሄድ፣ ጧት በችኮላ ያላየናቸውን አበቦችና ወፎች አየን። ከመንደር የገባነው ሲመሽ ነበር፤ ነገር ግን ዐሥራ አራታችንም ገባን።

ውድ አንባብያን ሆይ፣ ከቤተ ሰባችሁ ጋር ለጉዞ ስትነሡ እርምጃችሁን በደካማው ልክ አድርጉ። ቀድሞ መድረስ ሳይሆን አብሮ መድረስ ደስ ያሰኛልና።