ሲፓይኤክስት

ሲፓይኤክስት በሲ ቋንቋ ለሲፓይተን የተጻፉ ላይብረሪዎች ፓይፓይ በተባለው ሌላ የፓይተን ኢንተርፕረተር ላይ እንዲሠሩ የሚያደርግ የፓይፓይ ክፍል ነው። መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2010 ከፓይፓይ 1.3 ጋር ሲሆን ያኔ ገና በሙከራ ደረጃ ላይ ነበር።

ፓይተን የቋንቋው ስም ነው፤ ፕሮግራሙን አንብቦ የሚያስኬደው ኢንተርፕረተሩ ነው። ብዙ ሰው «ፓይተን» ብሎ የሚጭነው ሲፓይተንን ነው። ፓይፓይ ያንኑ ቋንቋ ያስኬዳል፤ ነገር ግን ፕሮግራሙ እየሄደ ሳለ የሚደጋገመውን ክፍል ወደ ማሽን ኮድ ስለሚቀይር ብዙ ጊዜ በጣም ይፈጥናል። ሆኖም እንደ ነምፓይ ያሉ ላይብረሪዎች ከባዱን ሥራ የሚሠሩት በተጠናቀረ (ኮምፓይል በተደረገ) የሲ ኮድ ነው፤ ይህም ኮድ ከሲፓይተን የውስጥ አሠራር ጋር የተጣበቀ ነው።

የችግሩ ምንጭ

በሲፓይተን እያንዳንዱ ኦብጀክት ስንት ተጠቃሚ እንዳለው የሚመዘግብ ቆጣሪ አለው፤ ቆጣሪው ዜሮ ሲደርስ ኦብጀክቱ ይጠፋል። እስከዚያ ድረስ ከሜሞሪ አድራሻው አይነቃነቅም። የሲ ላይብረሪዎች በሁለቱም ይተማመናሉ፦ ቆጣሪውን በቀጥታ ይነካሉ፣ አድራሻውንም ይዘው ይቆያሉ። ፓይፓይ ግን እንዲህ ያለ ቆጣሪ የለውም። ሜሞሪውን በየጊዜው ያጸዳል፤ ከጽዳቱ የተረፉ አዳዲስ ኦብጀክቶችም ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራሉ። የሲ ኮዱ የያዘው አድራሻ ያን ጊዜ ተከራዩ የለቀቀው ቤት ቁጥር ይሆናል።

አሠራሩና ወጪው

ሲፓይኤክስት ወደ ሲ ለሚሻገር ኦብጀክት የማይነቃነቅ ምትክ ይፈጥራል። ምትኩ ሲፓይተን የሚያውቀው ቅርጽና ቆጣሪ አለው፤ ከዋናው ኦብጀክት ጋርም ተያይዞ ይኖራል። ፋይሉ ግን ለሲፓይተን እንደተጠናቀረ አይጫንም፤ የምንጭ ኮዱ ለፓይፓይ እንደገና መጠናቀር አለበት።

መሻገሪያው ርካሽ አይደለም። ለምሳሌ ፓይፓይ አንድ ሺህ ሙሉ ቁጥሮች ያሉትን ዝርዝር ቁጥሮቹን ብቻ ደርድሮ በጥቂት ቦታ ያስቀምጣል። የሲ ኮድ ከዝርዝሩ አንዱን ሲጠይቅ ግን ቁጥሩ ራሱን የቻለ ኦብጀክት ሆኖ፣ ምትክም ተሠርቶለት መቅረብ አለበት። ትልቅ ስሌት በአንድ ጥሪ ለነምፓይ ቢሰጥ ይህ ወጪ እምብዛም አይታወቅም። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ እያመላለሰ የሚጠይቅ ፕሮግራም ግን ከሲፓይተንም ሊዘገይ ይችላል፤ ለፍጥነት ሲሉ ፓይፓይን የመረጡ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚደነግጡት እዚህ ላይ ነው።

ሌሎች መንገዶች

የፓይፓይ ሠሪዎች ነምፓይን ራሱን በፓይፓይ ውስጥ እንደ አዲስ ለመጻፍ ሞክረው ነበር፤ በኋላ ግን ትተውት ወደ ሲፓይኤክስት ዞሩ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2017 በወጣው ፓይፓይ 5.9 ነምፓይና ፓንዳስ መሥራት ችለዋል።

አዲስ ላይብረሪ ለሚጽፍ ሰው ሲኤፍኤፍአይ ይሻላል፤ የሲ ፋንክሽኖችን የሚጠራው የሲፓይተንን ውስጥ ሳይነካ ስለሆነ በሁለቱም ኢንተርፕረተሮች ላይ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2019 የተጀመረው ኤችፓይ ደግሞ ለሲ ኮዱ በአድራሻ ፋንታ መለያ ብቻ ይሰጠዋል፤ ኦብጀክቱ ቢዛወርም መለያው አይለወጥም።