«ፖል ገና አልመጣም»

መንፈሳዊ የፍቅር ልቦለድ የሚባለውን ነገር ለብዙ ዓመታት ሳቃልለው ኖሬአለሁ። ሽፋኑ ላይ ረዥም ቀሚስ የለበሰች ሴት፣ ከኋላዋ የስንዴ ማሳ፣ ውስጡ ደግሞ ስብከት። ነርስ የሆነችው ታላቅ እህቴ የሌሊት ተረኛ ስትሆን የምታነበው ይህንኑ ነው፤ እኔም «ጸሎት የተጨመረበት የፍቅር ፊልም» እያልኩ እቀልድባት ነበር። ሐሳቤን ያስቀየረኝ አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ እቤቷ የሆነ ነገር ነው።

የእህቴ ባል ከሌላ ሴት ጋር ሁለት ዓመት ኖሮ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው፤ አራተኛው፣ ሳላፍር፣ እኔ ነኝ። ቡናው ሦስተኛው ሳይደርስ «ይቅር ለእግዚአብሔር በይ፣ ልጄ» ተጀመረ። በድሮው ወግ እንኳ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ደጅ ይቆም ነበር። የእኛው በዳይ መኪናው ውስጥ ሆኖ ስልኩን እየነካካ ይጠብቃል። እህቴ ሁላችንንም ተራ በተራ አየችንና «ይቅር ካልኩት ቆየሁ» አለች። ሽማግሌዎቹ ሊመርቁ ሲነሱ «ፖል ግን ገና አልመጣም» ብላ ሲኒውን ማንሳት ጀመረች። አንደኛው ክፉ ነገር ጠርጥሮ «ደግሞ ፖል ማነው?» አለ። መልስ አላገኘም። እኔም ማን እንደሆነ ያወቅሁት መጽሐፏን ተውሼ ካነበብኩ በኋላ ነው።

እንግዲህ ስለ መጻሕፍቱ ላስረዳ። ዘውጉ ዛሬ ባለው መልኩ የተስፋፋው በሰሜን አሜሪካ ነው። መንገዱን ከጠረጉት አንዷ ካናዳዊቷ ጃኔት ኦክ ስትሆን «ላቭ ካምስ ሶፍትሊ» የተሰኘ ልቦለዷ እ.ኤ.አ. በ1979 ታተመ። ባሏ በድንገት የሞተባት ነፍሰ ጡር፣ ሚስቱ ሞታበት ሕፃን ልጅ የሚያሳድግ ገበሬ ታገባለች። ፍቅር የለም፤ ክረምቱን መሻገሪያ ብቻ ነው። ሰውየው ጸደይ ሲመጣ ወደ አገሯ መመለስ ከፈለገች መሳፈሪያዋን እንደሚከፍል ቃል ይገባላታል። ልብ በሉ፣ በሩ አልተዘጋም። በእንዲህ ያሉ መጻሕፍት የአልጋ ነገር በዝርዝር አይጻፍም። ከሁለቱ ሰዎች ሌላ ደግሞ ሦስተኛ ባለጉዳይ አለ፤ እግዚአብሔር። ከእርሱ ጋር ሳይታረቁ እርስ በርስ መታረቅ አይሆንላቸውም።

እህቴ የምትደጋግመው መጽሐፍ የአሜሪካዊቷ ፍራንሲን ሪቨርስ «ሪዲሚንግ ላቭ» ነው፤ «የሚዋጅ ፍቅር» እንደማለት። ሪቨርስ ቀደም ሲል ዓለማዊ የፍቅር ልቦለዶችን ትጽፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 ወደ ክርስትና እምነት ከመጣች በኋላ ብዕሯ አልታዘዝ ብሏት ቆየ። ይህን መጽሐፍ በ1991 አወጣች፤ በ1997 በክርስቲያን አሳታሚ በኩል እንደገና ታተመ፤ በ2022 ፊልም ሆነ። መነሻው ትንቢተ ሆሴዕ ነው። ነቢዩ አመንዝራይቱን ሴት በ15 ብርና በገብስ እንደገዛት የሚናገረውን ታሪክ ወስዳ በ1850 ካሊፎርኒያ፣ ወርቅ ፈላጊው በሚተራመስበት አገር ላይ ተከለችው።

ኤንጅል በ8 ዓመቷ ለዝሙት የተሸጠች ናት። ማይክል ሆሴዕ የሚባል ገበሬ ያገባታል። ትሸሻለች፣ ፈልጎ ያመጣታል፣ ደግማ ትሸሻለች። እውነቱን ለመናገር ሁሉም አልተመቸኝም። እሺ ብላ የተጋባችው ክፉኛ ተደብድባ፣ የምትናገረውን በወጉ በማታውቅበት ሰዓት ነው። ማይክልም ሰው ሳይሆን መልአክ ነው፤ እንዲህ ያለ ባል በካሊፎርኒያም በእኛም ሰፈር አይገኝም።

ፖል ግን ሰው ነው። የማይክል የሟች እህቱ ባል ነው። ኤንጅልን ይጸየፋታል፤ አንድ ጊዜ ልትሸሽ ስትል በጋሪው ሊያደርሳት ይስማማና የመንገዱን ዋጋ በገላዋ ያስከፍላታል። ከዚያ በኋላም ፈራጁ እሱ ነው! በመጨረሻ ኤንጅል ቤቱን ጥላ ስትወጣ ማይክል አይከተላትም። ሦስት ዓመት ይጠብቃል። እሷ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ከሴተኛ አዳሪነት ለሚወጡ ሴቶች መጠጊያ ትከፍታለች። እዚያ የሚያገኛት ፖል ነው። በደሉን አምኖ ይቅርታ ይጠይቃታል፤ ማይክል አሁንም እንደሚጠብቃት የሚነግራትም እሱ ነው። ወደ ባሏ የምትመለሰው ከዚህ በኋላ፣ በገዛ እግሯ ነው።

እኔ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሴትን «ይቅር በይና ቻዪ» የሚል ይመስለኝ ነበር። በእርግጥ እንደዚያ አድርጎ የሚያነበውም፣ እንደዚያ አድርጎ የሚሰብክበትም አይጠፋም። ነገር ግን ይቅር ማለትና አብሮ መኖር በታሪኩ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው በተበዳይ ልብ ውስጥ ያልቃል። ሁለተኛው በዳዩ መጥቶ፣ ያደረገውን በአፉ ተናግሮ፣ መልሱንም ታግሦ መጠበቅ አለበት። እኛ ሽማግሌዎቹ ሁለቱንም በአንድ ጀበና ቡና ልንጨርስ ነበር የሄድነው።

ባልየው ከአምስት ወር በኋላ ብቻውን፣ ያለ ሽማግሌ መጣ። እስኪመሽ ተቀመጡ። ምን እንደተባባሉ አልነገረችኝም፤ እኔም ለመጠየቅ ፊት አልነበረኝም። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹን ሊያይ ይመጣል። ሲመጣ ያንኳኳል፤ ቁልፍ አልተሰጠውም።