ረመዳን በሳን ክሪስቶባል ሰፈር



በ2016 ዓ.ም. ረመዳን፣ የመጨረሻዎቹ አሥር ሌሊቶች ሲገቡ፣ ከአሜሪካ ወንድሞች ጋር በሜክሲኮ ቺያፓስ፣ ሳን ክሪስቶባል ደ ላስ ካሳስ ከተማ ነበርን። የሄድነው በዚያ ያሉትን ሙስሊሞች ለመዘየር ነው። ከተማዋ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ማታ ማታ ጋቢያችንን አስናፈቀችን።

ከመካከላችን አንዱ መሐል ከተማ ሆቴል እንያዝ ቢልም፣ ለወጪው ብለን ገበያው አጠገብ ከአንዲት ክርስቲያን እናት ቤት ክፍል ተከራየን። ወቅቱ የእነርሱም ፋሲካ ነበር። ሌሊት ርችት ይተኮሳል፤ ሊነጋ ሲል ደግሞ ጋዝ የሚሸጥ መኪና በድምፅ ማጉያ እየጮኸ ያልፋል። ለይለቱል ቀድርን እየጠበቅን በዚህ ጩኸት መካከል መስገድ ከብዶን ማጉረምረማችንን አንደብቅም።

በሁለተኛው ቀን ማታ እማማ ለኢፍጣራችን ታማል አመጡልን። ታማል በቅጠል ተጠቅልሎ በእንፋሎት የሚበስል የበቆሎ ሊጥ ነው። ሊጡ ግን ብዙ ጊዜ በማንቴካ፣ ማለትም በአሳማ ሞራ ይታሻል፤ ባቄላውም እንዲሁ። ወደዚያ የምትሄዱ ቤተሰቦች ሥጋ የለበትም ስለተባላችሁ ብቻ አትዘናጉ። በእጃችን ምልክት አይሆንልንም አልናቸው። ሳህኑን ይዘው ዝም ብለው ወጡ። የጎረቤትን ሐቅ ለስንት ዓመት ስናስተምር ኖረን፣ አንዲት እናትን በራሳቸው ቤት አሳዘንን ብለን ሌሊቱን በሐሳብ አደርን።

በማግስቱ ከከተማዋ ዳር ወዳለው የሙስሊሞች ሰፈር ሄድን። ጾጺል ከሚባለው የማያ ሕዝብ ናቸው። ከ1970ዎቹ (እ.አ.አ.) ጀምሮ ብዙ ቤተሰቦች የወላጆቻቸውን ሃይማኖት በመለወጣቸው ከቻሙላ ተባረው እዚህ ሰፈሩ። እስልምና የደረሳቸው በ1990ዎቹ ሲሆን፣ ከስፔን በመጡ ሙስሊሞች አማካይነት ነው። የነጃሺ አገር ሰዎች መሆናችንን ሲሰሙ አንድ ሽማግሌ እጃችንን ይዘው ለረጅም ጊዜ አልለቀቁንም። ስደትን እነርሱ ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም የሚያውቁት።

ስንመለስ እማማ በር ላይ ጠበቁን። በሸክላ ድስት ባቄላ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ትኩስ ቶርቲያ፣ በሌላው እጃቸው የዘይት ጠርሙስ ይዘዋል። ጠርሙሱን ከፍ አድርገው «አሴይቴ! አሴይቴ!» አሉን። ስፓኒሽ አናውቅም፤ ቃሉ ግን የኛው የዐረብኛው አዝ-ዘይት ነው፤ ከአንደሉስ ዘመን ጀምሮ በቋንቋቸው የቀረ። ያለ አስተርጓሚ ገባን። አንዱ ወንድማችን ዓይኑን እየጠራረገ በላ።

ከበላን በኋላ እማማ ወደ ግድግዳው ሰዓት እያመለከቱ በጣታቸው ይቆጥሩ ጀመር። ለሱሑር ስንት ሰዓት እሳት ላንድድላችሁ ማለታቸው ነበር።